ቀድሞ የተለቀሰለት አባት

ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ውሎዋ በረንዳ ላይ ነው። አስተማሪዋ ልጇ አቻምየለሽ ከሥራ ስትመለስ አጠገቧ ቁጭ ትልና ስለ ቡሬ ትጠይቃታለች። ሀብትነሽም የምታስታውሰውን ትነግራታለች፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም።

ጣልያን ቡሬ ሲገባ ሀብትነሽ የወተት ጥርሷ ገና ያልተነቀለ ሕፃን ነበረች። አባቷ ክንፈሚካኤል በበቅሎ ጭኖ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ የሚነግድ ሰው ነበር። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ሲታወጅ ግን ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። ከጣልያን ምሽግ የሚላኩ አስካሪዎች፣ ቅጥር ወታደሮቹ፣ እየመጡ ጎተራውን ይገለብጣሉ፤ እናቷን እህተ ማርያምን «ባልሽ የት ነው?» እያሉ ያዋክቧታል። አንድ ቀን ይዘዋት ሄዱ። ስትፈታ ቀኝ ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሀብትነሽ በጩኸት ነቃች። እናቷ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ግቢው መሐል «ክንፈ ወየው! ክንፈ ወየው!» ትላለች። የአባቷ በርኖስና ጋሻ አልጋ ላይ ተዘርግተዋል። ጎረቤቱ ጎረፈ፤ አልቃሿም ጀግንነቱን እያነሳች ትገጥም ጀመር።

«አባቴ የት ሄደ?» አለች ሀብትነሽ፣ የጎረቤታቸውን የሸጋዬን ቀሚስ ጎትታ።

«ሞተ እኮ፣ የኔ እናት። ዱር ወደቀ። እዚያው ቀበሩት አሉ።»

ሀብትነሽ በርኖሱ ላይ በፊቷ ተደፋች። ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ ከላዩ ላይ ያነሷት በግድ ነው። የቤተሰቡ ንስሐ አባት መርጌታ ወልደ ሥላሴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ጥግ ተቀምጠዋል። ፍትሐት አላደረሱም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ከምሽጉ የተላከ ባንዳ መጥቶ ለቅሶውን አየና ተመለሰ። አስካሪዎቹም ከዚያ በኋላ ቀሩ።

ልጅቱ በየምሽቱ ታለቅስ ነበር። ኋላ አንዳንድ ቀን ብቻ ሆነ። ከዚያም ተወች፤ መቼ እንደተወች ራሷም አታውቅም። አባትሽስ የሚላት ሲኖር «ሞቷል» ትላለች፣ ትናንት ዘነበ እንደሚባለው።

ጣልያን ቡሬን ለቆ በወጣ ሰሞን ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ ሰው ግቢያቸው ገባ። እህተ ማርያም መጥረጊያዋን ጥላ እልል እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሀብትነሽ በርጩማ አምጥታ አቀረበች።

«ይቀመጡ። እንደምን ዋሉ?»

«አባትሽ ነው እኮ!» አለች እናቷ። «ሳሚው እንጂ!»

«አባቴ ሞቷል።»

ሰውየው በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ የላክሁ» አለ። «ሞቷል በሉ፣ ለቅሶ ተቀመጡ ብዬ በመርጌታ ያስነገርሁ እኔ ነኝ። ሌላ ምን ላድርግ? እናትሽን ሊገድሉብኝ ነበር።»

«ላንቺ ያልነገርንሽ አፍሽ እንዳያመልጥሽ ብለን ነው» አለች እናቷ።

«እሺ» አለች ሀብትነሽ። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ደስ እንዲላት ጠበቀች፤ ምንም አልመጣላትም።

ክንፈሚካኤል ፀጉሩን ተቆረጠ፣ በቅሎ ገዛ፣ ወደ ንግዱ ተመለሰ። ልጁን አንቱታውን እንድትተው አንድ ሁለቴ ለመናት። አፏ እንቢ ሲላት እሱም ተወው። ከገበያ ሻሽ ያመጣላታል፤ ትቀበልና «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ በበቅሎ አፈናጧት ወደ ጅጋ ሲሄዱ፣ ፊቱን ሳይመልስ አናገራት።

«ብዙ አለቀስሽልኝ አሉኝ።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ድርሻዬን በቁሜ ወስጃለሁ።»

ክንፈሚካኤል በቅሎዋን ኮለኮለ።

አድጋ ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ተቀጠረች፤ አገባች፤ አቻምየለሽን ወለደች። አባቷ የሞተ ዕለት ከቡሬ የተደወለውን ስልክ ያነሳችው ራሷ ነበረች። ደዋዩ «አባትሽ አረፉ» ሲላት «ሰምቻለሁ» ብላ ዘጋችና ወረፋ ሲጠብቅ የነበረውን ደንበኛ አገናኘች። ከዚያ ለአለቃዋ ነግራ ተሳፈረች።

ቀብሩ ላይ አርበኞቹ ሲፎክሩ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ እሷ ደርቃ ቆመች። እናቷ በጎኗ «አልቅሺ እንጂ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለቻት። ሀብትነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከነጠላው ሥር ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሣልስቱ ማግስት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አቻምየለሽ ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ እናቷ ዞረች።

«አትወጃቸውም ነበር ማለት ነው?»

«ደግ ሰው ነበሩ።»

«እኔ እኮ ደግነታቸውን አልጠየቅሁሽም፣ እማ።»

«ገብቶኛል» አለች ሀብትነሽ።

አቻምየለሽ ልጆቿን ከጎረቤት ልትጠራ ተነሥታ ወጣች። ሀብትነሽ መንገድ መንገዱን ታያለች። ከቡሬ የመጣ አውቶቡስ ቆመ፤ ሰው አወረደ፤ አቧራውን አስነሥቶ ወደ ማርቆስ አለፈ።