መለሰ ያራከሳት ካርድ

መምህር መለሰ በዳማ ጨዋታ ከተሸነፈ ራት የማይበላ ሰው ነበር። ከደብረ ብርሃን ጂግጂጋ ተመድቦ ሲመጣ አንድም ዘመድ አልነበረውም፤ ዘመድ የሆነው ሳልባጅ ልብስ ነጋዴው ኸሊፍ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ኸሊፍ ከቶጎ ጫሌ ያስመጣውን የልብስ ቦንዳ ሲፈታ ከአንድ የልጅ ካፖርት ኪስ እሽግ የጨዋታ ካርድ ወጣ። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ባለ ቀንድ አውሬ ተስሎበታል፤ ከሥዕሉ ሥር እንግሊዝኛ አለ። ኸሊፍ እንግሊዝኛ አያነብም። ስለዚህ መለሰ እያነበበ፣ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ከሱቁ ጀርባ መጫወት ጀመሩ። ሕጉ መለሰ ያነበበው ነው።

ሲካፈሉ ለኸሊፍ ፋኖስ የያዘች አይጥ ደረሰችው።

«መዓሊም፣ ይቺስ?» አለ፤ መምህር ማለቱ ነው።

መለሰ አያት። ለማሰለፍ አንድ ነጥብ፣ ጉልበቷ አንድ፣ ነፍሷም አንድ። ሥሩ ላይ በደቃቁ ግን «የገደላትን ይዛ ትሞታለች» ይላል። አሰላው። ስምንት ነጥብ የሚያስከፍለው የእሱ ዘንዶ በዚች በአንድ ነጥብ አይጥ ሊሞት ነው! ከእሽጉ ሁሉ እሷን የሚያህል አልነበረም።

«ተራ ናት፤ ለመሞት ብቻ የተፈጠረች።»

«ይሄ ጽሑፍስ?»

«የፋብሪካው ስም ነው፤ በእግዚአብሔር!»

ኸሊፍ አመነው። ለምን አያምነው? የመንግሥት ደብዳቤውን፣ የኪራይ ውሉን የሚያነብለት እሱ ነው። በዓመቱ የኸሊፍ ሚስት ዐርዶ ታማ ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶ ሲሸኛቸውም ያነበበው መለሰ ነው። በሽታው መድኃኒት የለውም፣ ቤቷ አስታሟት ይላል። ኸሊፍ ሐረር ሆስፒታል ሊወስዳት መኪና ላይ የጫነውን ፍራሽ አወረደ። ዐርዶ በሁለተኛው ወር ሞተች።

ከዚያ ወዲህም ስድስት ዓመት ተጫወቱ። አይጧ ስትወጣ መለሰ በትንንሾቹ አውሬዎች ብቻ ይገድላታል፤ ሕጉን ቢደብቀውም እሱ አልረሳውም፣ ዘንዶውን ምን ቆርጦት ወደ እሷ ያስጠጋል! ያሸንፋል፤ ይስቃል። የማያፍር ሰው ነበር ብንል ሐሰት ነው፤ ያፍር ነበር፣ ግን ማሸነፉ ይበልጥበት ነበር።

አንድ ቀን የኸሊፍ ልጅ ፈትያ ሻይ ይዛ ገባች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። የአይጧን ካርድ አነሳችና አነበበች።

«አባ፣ ይቺ እኮ የገደላትን ይዛ ነው የምትሞተው።»

«ቀልድ ነበር» አለ መለሰ፤ ሊስቅ ሞከረ። «ጨዋታ አይደል እንዴ?»

ኸሊፍ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ።

«የዐርዶስ ወረቀት?»

«እሱን እንደተጻፈው ነው ያነበብኩልህ! በእግዚአብሔር ስም!»

«ስለ አይጧም በእግዚአብሔር ምለህልኝ ነበር።»

ወረቀቱ የለም፤ በኀዘኑ ሰሞን ተቃጥሏል። መለሰ ደግሞ እውነቱን ነበር፤ ያኔ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ ግን የሚጠራበት ምንም አልቀረውም።

«ሐረር ብወስዳት ኖሮ ትድን ነበር?» ሲል ኸሊፍ ጠየቀ። የጠየቀው መለሰን አልነበረም፤ ፊቱን ማንበብ ወደምትችለው ልጁ አዙሮ ነበር።