አገርዎ የት ነው?

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው። ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ማዳበሪያው ወጥቶ እኛ ገባን፣ ሽታው ግን ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። ከቆርቆሮው ሥር በሚሾልከው ብርሃን ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ታዩኝ። የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ስቆም ሁሉም ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ በማዳበሪያው አሳበብኩ።

ይህን ደንብ ያወጡት የኔታ ነበሩ፤ ከእኛ ጋር የታሰሩ ሽማግሌ የቅኔ መምህር። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው ሰው የለም። በእሳቸው ደንብ በዚያ በር ለገባ ሁሉ ይነሣል፤ ለበግ ሌባውም ተነሥተውለታል።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ነቀርሳ ቆጥሬ ነው የኔታ።»

ሳቁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁን ተዉት።

የጤና መረጃ ባለሙያ ነበርኩ። የየወረዳውን ሕመምተኛ ለሕዝቡ ብዛት እያካፈልኩ በጡት ነቀርሳ ይበልጥ የተጎዳው የቱ እንደሆነ አነጻጽራለሁ፤ ለተጎዳው መርማሪ ሐኪሞች ይላኩለታል። ሁልጊዜ ከላይ የሚወጣው ሕመምተኛ የሚጎርፍበት ጸበል ያለበት ወረዳ ነው። የእኛ ወረዳ ንጹሕ ተብሎ ሹሙ በጭብጨባ ዋንጫ ይቀበላል።

የአገራችን ሰው ይህ በሽታ ሲይዘው ስሙን አይጠራም፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ጸበል ይገባል። እዚያ ቤት ተከራይቶ ይከርማል፤ ሲብስበት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወስዱትና ባደረበት ወረዳ ይቆጠራል። ታላቅ እህቴ በጡቷ እብጠት ሄዳ እዚያው አረፈች። አስከሬኗን አምጥተን ከአባታችን አጠገብ ቀበርናት፣ ቁጥሯ ግን እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሕመምተኞቹን «የት አደሩ?» ማለት ትቼ «አገርዎ የት ነው?» እያልኩ እንደገና አነጻጸርኩ። ንጹሑ ወረዳ ከሁሉም በላይ ወጣ። ይህንኑ ፍኖተ ሰላም ላይ በስብሰባ ተናገርኩና ከአዳራሹ ስወጣ ያዙኝ። ሕዝብ አሸብረሃል፣ የወረዳውን ስም አጥፍተሃል ተባልኩ።

«ሰው የትም ይታመም፣ አገሩ የተቀበረበት አይደል እንዴ?» አሉ የኔታ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሹሙ ራሱ መጣ። አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ሽቶው ማዳበሪያውን ለአፍታ አሸነፈው። እስረኛው ሁሉ ሊነሣ አኮበኮበና ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የኔታም መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንድም ሰው አልተነሣም።

«ምነው፣ በዚህ ቤት ኖር ማለት ቀረ?» አለ እየሳቀ።

«ኖር የሚባለው ለእንግዳ ነው ጌታዬ» አሉ የኔታ። «እርስዎ የቤቱ ባለቤት ነዎት።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ወረቀት ዘረጋልኝ። «ስሌቱ ስህተት ነበር ብለህ ፈርም። ራትህን ከልጆችህ ጋር ትበላለህ።»

ልጆቼ ናፍቀውኛል። ግን ብፈርም ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ። ታናሽ እህቴ ብብቷ ሥር አንድ ነገር እንዳገኘች የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «ደጄ ድረስ ከመጡ እታያለሁ እንጂ ከተማ ወርጄ ለሰው አልገለጥም» ብላኛለች።

«አገርዎ የት ነው?» አልኩት ሹሙን።

«ምን?»

«አገርዎን ነው የጠየቅሁዎ።»

ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ያን ዕለት የተመኘሁለትን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም፤ አልናዘዝምም።

ሳልፈርም ከረምኩ፣ ሳልፈርም ወጣሁ። ሹሙ ሲያጓትታቸው የከረሙት ሐኪሞች በመጨረሻ መጡ። ታናሽ እህቴ በሕይወት አለች፤ ጡቷ ግን ተቆርጧል። ቀደም ብለን ብናገኛት ይተርፍላት ነበር አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ልርሳ ብዬ ሞክሬም አላውቅ። እሱ በሹመት ላይ ሹመት ተጨመረለት። እኔ ከሥራዬ ዝቅ ተደርጌ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተመደብኩ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ባለፈው በጋ አንድ ጠዋት ያ ሹም ሚስቱን ደግፎ ገባ። ሴትዮዋ ከስታለች፤ በነጠላዋ ደረቷን ይዛለች። ተነሣሁ።

«ኖር!»

«በእግዜር» አለ እሱ።

«ለእሳቸው ነው» አልኩና ወንበሬን ለሴትዮዋ ለቀቅሁላት። መርቃ የማትጠግብ መስላ መረቀችኝ። ለእሷ አዝኜላታለሁ፣ ከልቤ። ያኔ አወቀኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አገርዎ የት ነው?» አልኩት።

«ቡሬ… ጸበል ላይ ነበርን፤ ያረፍነው ቡሬ ነው።»

«ያረፉበትን አይደለም። አገርዎን።»

ዝቅ ባለ ድምፅ የዚያን «ንጹሕ» ወረዳ ስም ተናገረ።

«አልተሰማኝም» አልኩ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ ደገመው።

በመጀመሪያውም ሰምቼው ነበር።