አዳራሽ ውስጥ የጮኸው ቀለም ቀቢ

መኪና ሲቀባ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። በጋራዡ ሁሉም «ስስቱ» ይሉታል። ሌላው በሦስት ጣሳ ቀለም የሚጨርሰውን መኪና እሱ በሁለት ይወጣዋል፤ ሲቀባ ስለሚያሳሳ ነው። ጓደኞቹን ከጠየቃችሁ ግን ስስታም ስለሆነ ነው። ሳንባው ባይለግምበት ኖሮ ከዚያ ጋራዥ የሚያወጣው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ «ወይ ስፕሬዩን ተው፣ ወይ ትንፋሽህን ተሰናበት» ብሎ ቁርጡን ሲነግረው በሃምሳ አራት ዓመቱ እጁን አጣጥፎ ቤት ተቀመጠ።

ከቤት ያወጣችው ዶክተሯ ናት። የሕክምና ሳይሆን የኬሚስትሪ ዶክተር። የተገጨ መኪናዋን አንዴ ቀብቶላት ነበርና የእጁ ነገር ከልቧ አልጠፋም። አፈላልጋ ቤቱ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ የሚነፋ ነገር የለውም። መስታወት ላይ ፈሳሽ አፍስሰው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው መዘርጋት ብቻ ነው» አለችው።

«ለምን ይሆናል?»

«መኪና ያለ ቤንዚን እንዲሄድ።»

ሳቀባት። ሥራ ግን ሥራ ነውና በማግስቱ ላቦራቶሪዋ ገባ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ገባው። መጽሐፍ የምታክል የብረት ሳጥን አለች። በአንድ ወገን ሃይድሮጂን፣ በሌላው ወገን አየር ይገባባታል፤ መሃል ላይ ሜምብሬን የሚባል ስስ ፕላስቲክ ተጋርዷል። ከሃይድሮጂኑ የምትላቀቀው ፕሮቶን በፕላስቲኩ ሾልካ ታልፋለች። ኤሌክትሮኑ ግን እዚያ መንገድ ስለማያገኝ በሽቦ ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ የሚሆነው ይኸው ነው። ከሳጥኗ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ውሃ ነው። ችግሩ፣ ሳጥኗ ስትግል ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ አያሳልፍም። ዶክተሯ ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ብላ ግራፊን ኦክሳይድ ትቀላቅልበታለች፤ እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር የሚሠራ፣ ውሃ ይዞ የሚያቆይ፣ ጋዙም እንዳያመልጥ የሚያግድ ዱቄት ነው። ልኩ ከመቶ ግራም ሦስት ግራም ተብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

አሥራ አራት ወር ሙሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸው። አንዱ ሉህ ይሰነጠቃል፤ ሌላው ይጓጉላል፤ ደህና የመሰለው ሳጥን ውስጥ በገባ በሁለተኛው ቀን ይሞታል።

አንድ ሐሙስ ድብልቁን አዘጋጅቶ ሊያፈስ ሲል ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ሁሉን ባለበት ጥሎ በረረ። ሆስፒታል ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ ሰንብቶ ሰኞ ሲመለስ ቆሞ የሚሄድ ሬሳ መስሎ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተወውን ዕቃ አነሳ፣ አፈሰሰ፣ ዘረጋ፣ ማድረቂያው ውስጥ ከተተው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሉሁን ዶክተሯ ራሷ ልጣ ሳጥኗ ውስጥ ገጠመችው።

ያ ሉህ አምስት መቶ ሰዓት ሠራ። ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ አሥራ አንድ ሉህ ሠርተው አሥራ አንዱም ከሸፈ። እሱ «እጄ አርጅቷል» ብሎ ለባለቤቱ ብቻ ተናገረ። ዶክተሯም ያንኑ ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ግን ደፍራ አላለችውም። ጽሑፏ በመጽሔት እንዲወጣ ተቀባይነት አግኝቶ ስለነበር ውጤቷን በትልቁ አዳራሽ እንድታቀርብ ተጋበዘች። እሱንም የደረት ኪስ ያለው ኮት አስለብሳ ሁለተኛው ረድፍ አስቀመጠችው።

መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ የሉሁ ፎቶ በር አክሎ ወጣ፤ አጠገቡ ከከሸፉት አንዱ። የከሸፈው እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። አምስት መቶ ሰዓት የሠራው ግን እንደ ማር ጥርት ያለ። ዶክተሯ «ዱቄቱ በደንብ ስለተበጠበጠ ነው» አለች።

ክው አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም የበጠበጠ ሰው ነው፤ እኩል ዱቄት ገብቶበት አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ማር ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። ያ ሰኞ እንደ መብረቅ መጣበት። አልበጠበጠውም! ዱቄቱ አራት ቀን ሙሉ ከሥር ዘቅጦ፣ እሱ ያፈሰሰው ከላይ የጠለለውን ነው። ዶክተሯ «ሦስት ከመቶ» ስትል ሰማ፤ ከዚያ የራሱን ድምፅ ሰማ።

«ውሸት ነው! ቀለሙ ይናገራል!»

ሁለት መቶ ራስ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ራሱ ማን እንደጮኸ ለማየት ሊዞር ምንም አልቀረውም።

ዶክተሯ የያዘችውን ወረቀት ጣለች። «ጋሼ... ምን አሉ?»

«ዶክተር፣ ሦስት አይደለም። ሳልበጠብጠው ነው ያፈሰስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ ብቻ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለቱን ፎቶ አስተያየች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ «የነገርኳችሁ ቁጥር ስህተት ሳይሆን አይቀርም። እስካጣራ ጽሑፌን አነሳለሁ» አለችና ከመድረኩ ወረደች።

ቤት ገብቶ ሲናገር ባለቤቱ ክራንቿን ተደግፋ አፏን ያዘች። «አንተ? በሰርጋችን ቀን እሺ ለማለት ሦስቴ የተጠየቅከው ሰውዬ?» አልሳቀም። ኮቱን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለው።

አራት ቀን ዶክተሯ አላናገረችውም። ከሥራ የተባረረ መስሎት ጋውኑን አጥቦ፣ አጣጥፎ ሊመልስ ሄደ። በሩ ላይ ስታየው እንባዋ ግጥም አለ።

«ዱቄቱ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም» አለችው። «የዚያን ሉህ ቁራጭ መረመርኩት። ሲበዛ እርስ በርሱ እየተጓጎለ ለፕሮቶኗ መንገድ ይዘጋባት ነበር። ስንጨምር፣ ስንጨምር... ጋሼ፣ አሥራ አራት ወር እኮ ነው!»

መድኃኒቱ ማነስ ነበር።

ጋውኑን መልሶ ለበሰው። ግማሽ ግራም አድርገው፣ በደንብ በጥብጠው ሠሩት። የመጀመሪያው ተቀደደ። ሁለተኛው ስድስት መቶ ሰዓት ሄደ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ጽሑፉ ታርሞ እንደገና ሲላክ የአዳራሹን ነገር ሳትደብቅ ጻፈችው። አንዳንድ ባልደረቦቿ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ሰላም አይሉትም፤ ሰው ፊት አዋረዳት ብለው። እሷ ግን አሁን የመስኮት ስፋት ያለው ሉህ እንዲሞክሩ መስታወት አዛለች። እሱም መስታወቱ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በውሃ ልክ እያስተካከለ ነው።