ኃላፊው የሞላው ሰዓት

የቀድሞው ኃላፊያችን ለቅሶ ቤት በተቀመጠ ቁጥር አንድ ወሬ ያወራል። «ያን ጊዜ መብራት ሰርቨሩን አበላሽቶብን፣ እኔ ከደሴ ባለሙያ አስመጥቼ አዳንኩት» ይላል። እስከ ዛሬ ዝም ብዬዋለሁ። አሁን ይበቃል።

መካነ ሰላም በነበረው መሥሪያ ቤታችን የገበሬውን የመሬት መዝገብ የያዘውን ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። አንዱ ሠራተኛው ሲገባ ማንነቱን ያጣራል፣ አንዱ መዝገቡን ይይዛል፣ ሁለቱ ፋይሉንና ኅትመቱን ያስተናግዳሉ። ለተጠቃሚው አራት ኮምፒውተር ይመስላሉ፤ ብረቱ ግን አንድ ነው። ሲነሡም ሰዓታቸውን የሚቀበሉት ከዚያው ከዋናው ማሽን ነው። ይህን ለኃላፊው አስረድቼዋለሁ። ስልኩን እየነካካ «እሺ፣ እሺ» አለኝ።

በኅዳር አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም መግባት አቃተው። ሰው ፓስወርዱን በትክክል ይጽፋል፤ ማሽኑ አላውቅህም ይለዋል። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ኃላፊው ደሴ ደወለ። በማግሥቱ ባለሙያው መንገድ ላይ የአቀስታ ብርድ እንዳንቀጠቀጠው ደርሶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

«መብራቱ ነው ያበላሸው» አለ። «ሁሉንም አጥፍተን ከባክአፕ እንመልሰው።»

«ባክአፑ ከክረምት በፊት የተወሰደ ነው» አልኩት። ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክ ሞልቶ ሌላ እንዲገዛልኝ ኃላፊውን ስለምነው ከርሜያለሁ። «ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው መሬትስ?»

«እማማ፣ እንደገና ይመዘገባላ!»

እማማ! ፀጉሩ ከእኔ ይልቅ የሸበተ ሰውዬ።

ኮሪደሩ ላይ ከወግዲ በኩል የመጣች ሴት ትጠብቅ ነበር። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ሊነጥቋት ተነሥተው፣ ብዙ ከተሟገተች በኋላ በጥቅምት በስሟ መዝግበንላታል። ይህን የሚያሳይ ወረቀት ከእኛ አሳትማ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለባት። መዝገቡ ከጠፋ እንደገና ምስክር አምጪ ትባላለች፤ ምስክሮቿ ደግሞ ያው የባሏ ዘመዶች ናቸው።

«እትዬ፣ ስሜ አለ?» አለችኝ።

«አለ፤ አብሽሪ» አልኳትና ተመልሼ ገባሁ።

«ተነሥልኝ» አልኩት ባለሙያውን።

«አንቺ ደግሞ ሥራ አታስተጓጉዪ!» አለ ኃላፊው። ባለሙያው ሲነሣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለሙያው ያገላብጥ የነበረው ቨርቹዋል ማሽኖቹን ነው። እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ ምንም አላገኘባቸውም። እኔ ዋናውን ማሽን ከፈትኩ። ሰዓቱ አራት ተኩል ይላል፤ ቀኑም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ጋር አንድ ነው። ባለሙያው ይህንኑ በቨርቹዋል ማሽኖቹ ላይ አይቶ፣ የእጁን ሰዓት አይቶ፣ ልክ ነው ብሎ አልፎታል። ልክ አልነበረም። ሰርቨሩ መሄድ ያለበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የሠራተኛው ኮምፒውተሮችም የሚሄዱት በዚያው ነው። ማንነት የሚያጣራው ማሽን ከእነሱ ጋር በደቂቃዎች ከተለያየ እንኳ ማንንም አያስገባም። እዚህ የአበሻ ቀን ተሞልቶበት ልዩነቱ ዓመታት ነበር።

«ይህን ሰዓት ማን ነው የነካው?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወረቀቱ ላይ የፈረንጅ ቀን እየታተመ ገበሬው ሲቸገር… ባለፈው እኔ አስተካከልኩት።»

እሱ ከነካው በኋላም ቨርቹዋል ማሽኖቹ መብራት እስኪሄድ ድረስ የያዙትን ሰዓት ይዘው ቆይተዋል። እንደ አዲስ ሲነሡ ግን አራቱም የእሱን ተቀበሉ።

የዋናውን ማሽን ሰዓት መለስኩ። ማንነት ከሚያጣራው ጀምሬ አንድ በአንድ አስነሣኋቸው። ሠራተኛው ሁሉ ገባ፤ ከመዝገቡም አንድ ፊደል አልጎደለም። ባለሙያው ቦርሳውን አንሥቶ ስለ ሚኒባስ ጠየቀ።

የሴትየዋን ወረቀት አትሜ ራሴ ኮሪደር ድረስ አወጣሁላት። ስሟ የተጻፈበትን በጣቴ አሳየኋት። ደጋግማ አየችው። ጭቅጭቃችንን ከኮሪደሩ ሰምታ ኖሮ፣

«ማን ነው ሊያጠፋብኝ የነበረው?» አለች።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ዝም በዪ ይለኛል።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ። «ሰዓት ሞሉ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጌታው፣ እዚህ ቤት ሰዓት የሚሞላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ፍርድ ቤት ወረደች። እኔም ገብቼ የዋናውን ማሽን ፓስወርድ ቀየርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኃላፊው አላወቀውም።