ጠበቃ ይሄነው በጨዋታ የፈረደው ፍርድ

ጠበቃ ይሄነው መካነ ሰላም ላይ ጥብቅና ከቆመ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ኖሯል፤ ከዚያም በፊት አባቱ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ዘንድ ድጓ ተምሯል። ድምፁ ከዚያ የመጣ ነው። ችሎት ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ውጭ ተራውን የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ ወሬውን አቁሞ ጆሮውን ይሰጠዋል።

የጠበቃ ሥራ ግን ሰው እንደሚመስለው ሙግት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ዳኛው ስብሰባ ሄዷል፤ መብራት የለም፤ ምስክሮቹን የጫነው አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ ተዘግቷል። በተለይ በእነዚህ ዓመታት ሰው ከቤቱ የሚወጣው የመንገዱን ወሬ ጠይቆ ስለሆነ፣ ባዶ ችሎት የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን የሕግ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት፣ የሻለም በምትባል ሴት ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ።

እዚያ የየራሳቸውን ጉድ ያወራሉ። አንዱ ምስክር ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ «እኔ አላየሁም፤ ሲያይ የነበረውን ሰው ግን በደንብ አይቼዋለሁ» ማለቱን። ሌላው ገበሬ ጎረቤቱን፣ አውራ ዶሮው ያለ ሰዓቱ እየጮኸ ጨለማ ለጨለማ ገበያ አስወጣኝ ብሎ መክሰሱን። ወሬው ሲያልቅባቸው እነዚያኑ ክሶች እንደገና ይከፍቷቸዋል። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ ይሆንና፣ እንደ ድሮዎቹ ተሟጋቾች ነጠላውን አስተካክሎ «ተጠየቅ!» ይላል። በዳኝነት የሚቀመጠው ሁልጊዜ ይሄነው ነው። ጠበቃ ፋሩቅ ለቀልድ የተፈጠረ ሰው ነው። ከደሴ የመጣችው ወጣቷ ዐቃቤ ሕግ ሰገነት ደግሞ መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ በኋላ ግን ማንም አይረታትም። አውራ ዶሮው ያን ዓመት ሁለት ጊዜ ነጻ ወጥቷል።

ሚያዝያ ሲያልቅ አንድ ማክሰኞ፣ ዝናቡ የመንገዱን ሰው ሁሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከተተው። ከገቡት መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። ከጥድ አምባ፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ በኩል ካለች ቀበሌ፣ ግማሽ ቀን በእግራቸው መጥተዋል። ሬጅስትራሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ዳኛ የለም፤ ለግንቦት አሥራ አራት» ብሏቸዋል። የበሰበሰ ኩታቸውን እየጨመቁ በር ዳር ተቀመጡ።

«እማማ፣ በምን ጉዳይ ነው የመጡት?» አላቸው ፋሩቅ።

ነገሩት። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። የባላቸው ወንድም ንጉሡ፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ማሳ «የአባቴ ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ሲናገሩ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ድምፃቸውም ከፍ አይልም፤ ቃላቸው ግን አንዱ በሌላው ላይ እንደ ካብ ይደረደራል። ፋሩቅ ዓይኑ በራ።

«ወላሂ፣ ይሄማ ዛሬ መታየት አለበት! እኔ የንጉሡ ጠበቃ ነኝ። ሰገነት፣ አንቺ ለእማማ ቁሚ።»

ይሄነው ጋቢውን ተከናንቦ ከፍ ያለው ዱካ ላይ ወጣ። ፋሩቅ ተነሥቶ፣ ርስት የወንድ ዘር ነው፣ ሚስት እንግዳ ናት እያለ አቅራራ፤ ሰው ሳቀ። ሰገነት ለመመለስ አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ቀስ ብለው ብድግ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ። ለራሴ እኔው ልናገር።» ወደ ፋሩቅም ዞሩ።

«ተጠየቅ ልጠይቅህ፤
በሬዬ ሲሞት ሞፈር ያልያዝህ፣
ባሌ ሲሞት መጥተህ ወሰን ተከልህ?»

የሻለም ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። አሮጊቷ ቀጠሉ። ማሳው ድንጋይ እንደነበር፣ ድንጋዩን ለቅመው ካቡን የካቡት እሳቸውና ባላቸው መሆናቸውን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ምጥ የያዛቸው እዚያው ካብ ሥር መሆኑን ተናገሩ። ፋሩቅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ይሄነው ስንት ዓመት እውነተኛ ችሎት ቆሞ እንዲህ ያለ ቃል አልሰማም። ተነሥቶ በዚያ ድምፁ፣ «መሬቱ የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነው! ንጉሡ እጁን ያንሣ!» ብሎ ፈረደ። ሰው አጨበጨበ። ጨዋታው እንዲያምር ብሎም ከቦርሳው ወረቀት አወጣና ፍርዱን በሁለት መስመር ጻፈው፤ ሰማያዊውን የጥብቅና ማኅተሙንም እላዩ ላይ መታበት።

አሮጊቷ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሳሙት። ሁሉም ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ይሄነው ይህን አየ። «እማማ፣ ጨዋታ ነው እኮ» ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ተላላኪ በር ላይ ቆሞ፣ «ዳኛዋ መጥተዋል፤ ያንተ መዝገብ ተጠርቷል!» አለው። ቦርሳውን አንሥቶ በዝናብ እየሮጠ ተሻገረ። ሲመለስ ሴትዮዋ ሄደው ነበር። «የገባቸው መስሎኝ ነበር» ይል ነበር በኋላ፤ ግን ይህን ሲል የሰው ዓይን አያይም።

ግንቦት አሥራ አራት አለፈ። የወይዘሮ የዓለምዘርፍን ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ስላልነበረ፣ ማንም ስማቸው ሲጠራ አልሰማም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የሕግ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ በተዝካር ላይ ሙክት ስለበላ ውሻ ይሟገቱ ነበር። ይሄነው ዱካው ላይ ነው። አንዲት ሴት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡና ፊቱ ቆሙ። ከመቀነታቸው ላስቲክ ፈትተው ወረቀት አወጡ።

«ጌታዬ» አሉ፣ «ፍርድዎ አይሠራም አሉኝ።»

አሮጊቷ በዝግታ አስረዱ። ተፈርዶልኛል ብለው በግንቦቱ ቀጠሮ አልቀረቡም። ንጉሡ ከቀበሌ ሰው ጋር መጥቶ፣ በሌሉበት ተፈርዶልኛል ብሎ ማሳውን ተረክቧል። እሳቸው ደግሞ ወረቀታቸውን አውጥተው፣ የተፈረደው ለእኔ ነው ብለዋል። የቀበሌው ሰው አንብቦ ሳቀ። ወረቀቱን ለንጉሡ ሰጠው፤ ንጉሡም ሳቀ። እሳቸው ፊደል ስለማይቆጥሩ ምኑ እንዳሳቃቸው አላወቁም።

«ስሕተት ካለበት ያስተካክሉልኝ ብዬ መጣሁ» አሉ።

ይሄነው ከዱካው ወረደ። ፋሩቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሰገነት አለቀሰች። ለሴትዮዋ እውነቱን የነገራቸው ይሄነው ራሱ ነው፤ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እንደ ልጅ ቀና ብሎ እያያቸው። አልጮኹም፣ አልረገሙትም። «አንቱን የሚያህል ሰው?» ብቻ አሉ።

ያን ዕለት ማታ ቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። ሚስቱ የትምወርቅ ጠይቃ ጠይቃ ሰማች። «ማኅተም መታህበት?» አለች። እራቱን አንሥታ ጓዳ ገባች፤ ይሄነው ግን ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

በማግስቱ በሌሉበት የተሰጠው ፍርድ ተነሥቶ መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከቻ ጻፈ። ለመቅረታቸው በቂ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ በቃለ መሐላ፣ በእጁ ጽሕፈት፣ ሁሉንም ዘረዘረ፤ ያን ወረቀትም አያያዘበት። ችሎት በተሰየመ ቀን ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከጎኑ ቆመዋል። ዳኛዋ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«አቶ ይሄነው፣ ይህ የእርስዎ ማኅተም ነው?»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«በምን አእምሮዎ?»

የጥብቅና ፈቃድ ሰጪው ክፍል እንዲያውቀው ታዘዘ፤ ከወራት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። መዝገቡ ግን ተከፈተ። ፍርድ ቤት በክረምት ዝግ ስለሆነ ቀጠሮው ለጥቅምት ስምንት ሆነ። ይሄነው ከችሎት ሲወጣ ከሐምሌ መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። «አብሽሩ እማማ፣ ያለ ክፍያ እኔው እቆምልዎታለሁ፤ መሬቱን እናስመልሳለን» አላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱም በሌላ በሌላው ተዘግቶ፣ ሁለት ወር ወደ ጥድ አምባ የሚሄድም የሚመጣም አልነበረም። መንገድ እንደተከፈተ፣ ከመስቀል ማግስት፣ ይሄነው በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው ሄዶ ቀሪውን በእግሩ ወጣው። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቁና ገልብጠው እላዩ ላይ አስቀመጡት።

«እማማ፣ ለጥቅምት ስምንት ልወስድዎት ነው የመጣሁ። ምስክሮቹንም ዛሬ እንነጋገራለን።»

«የለም ልጄ። ታርቄያለሁ።»

በነሐሴ፣ ንጉሡ ማሳውን ዘርቶ ሲጨርስ፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከሚገኘው እህል ሢሶውን ሊሰጣቸው፣ እሳቸውም ዳግመኛ ፍርድ ቤት ላያቆሙት፣ ማርያም ደጅ በታቦቱ ፊት ተማምለዋል።

«ግን መዝገቡ ተከፍቷል! ዳኛዋ ስትናገር ሰምተዋል!»

«ሰምቻለሁ። እሷም እንዳንተ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እንዳንተ ወረቀት ይዛ ነው የተናገረችው። አንተም ያን ጊዜ ያምር ነበር አነጋገርህ። እኔ በምን ልለየው?» አንቱታው ቀርቶ ነበር፤ በቁጣ ሳይሆን ለልጅ እንደሚነገር።

ይሄነው የካህን ልጅ ነውና የሚያውቀውን መንገድ ሞከረ። «መሐላውን ንስሐ አባትዎ ይፈቱልዎታል። አላውቅም ነበር፣ ተታልዬ ነው ይበሉ። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

አሮጊቷ ምስሩን መልቀም ተዉ።

«ፍርዱን ጨዋታ አደረጋችሁት» አሉ። «አሁን ደግሞ መሐላዬንም ጨዋታ ላድርገው? እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ምስሩ፣ ደሴ ስላለችው ልጃቸው አጫወቱት። ጠላ ቀዱለት፤ ጠጣ። ሲነሣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ በእጃቸው ከለከሉት። «ይቅር ብዬሃለሁ። ሂድ፣ ይመሽብሃል» አሉ።

መንገዱ የሚያልፈው በማሳው ዳር ነበር። ጤፉ አምሯል። አንድ ሰው ካቡ ላይ ተቀምጦ ከብት እንዳይገባበት ይጠብቃል። ይሄነውን ሲያይ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። ንጉሡ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ ጠበቃው!» አለ፤ በአክብሮት፣ ሳይሳለቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ይሄነው። ቁልቁለቱን ያዘ።