ሽጉጥ የመታው እጅ

ባለፈው ሳምንት ሳንታ ክላራ አንዲት የእጅ ሐኪም ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሐኪም ስል ፊዚዮቴራፒስት ማለቴ ነው፤ እኔ እጄን ይዞ የሚያገላብጠኝን ሁሉ ሐኪም ነው የምለው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ እያሉኝ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ካቃተኝ ሰንብቷል። ልጄ ኩፐርቲኖ ቢሮው ሆኖ በስልክ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ጎ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ልገላገለው ብዬ ሄድኩ። ሐኪሟ ከመሳቢያዋ የእጅ ጉልበት የሚለካ፣ እጀታ ያለው ብረት አወጣች፤ አናቱ ላይ እንደ ሚዛን የሚንቀሳቀስ መርፌ አለው። ቀኝ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ባለ በሌለ ኃይሌ እንድጨምቀው ነገረችኝ።

ጨበጥኩት። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞም ይከብዳል። ሽጉጥ ይዤ የማውቀው በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እጅ ግን አይረሳም መሰለኝ፣ አውራ ጣቴ ማንም ሳይነግረው ሄዶ ቦታውን ያዘ። ልጅቷ ሳቀችና አያያዜ ጥሩ መሆኑን ነግራኝ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። ሌላ ቃል ብጨምር ኖሮ አለቅስባት ነበር።

ወንድሜ ሰይፉ ታላቄ ነው፤ «ጋሼ» ነበር የምለው። ኦክላንድ የገባው ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። እኔ ስመጣ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ ከከተማዋ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ አብረን እንኖር ነበር። ሥራው ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መጠገን ነበር። ሌላው ሰው በመፍቻ የሚታገለውን የዛገ ብሎን እሱ በጣቱ ይፈታዋል። ሕፃን ሳለ የእማዬን ነጠላ አንዴ ከጨበጠ የሚያስለቅቀው አልነበረም ይባላል፤ «ይሄ ልጅ የያዘውን አይለቅም» ትል ነበር።

ጆ የሚባል ጎረቤት ነበረን፣ አያቶቹ ከፖርቱጋል ደሴቶች የመጡ ሽማግሌ። ጋሼን አደን ያስለመደው እሱ ነው። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ባሉት ኮረብታዎች ከርከሮ ሞልቷል፤ የሰው እርሻ እየቆፈረ ስለሚያስቸግር ፈቃድ ያወጣ ሰው ያድነዋል። የእኛ ሰው እንኳን ሊበላው ስሙ ሲጠራም ያማትባል። ጋሼም አይበላውም ነበር። ገድሎ፣ ሥጋውን በጓንት ይዞ ለጆ ያስረክብና እቤት ገብቶ እጁን ሦስቴ በሳሙና እየታጠበ ምስር ወጥ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ታዲያ ለማትበላው ነገር ምን አደከመህ ስለው «ኳስ የሚጫወተው ሰው ኳሱን ይበላዋል እንዴ?» ይለኛል።

ጠመንጃ አይጥመውም ነበር። ፍቅሩ በሽጉጥ ማደን ነው፣ ያውም ጥይት መያዣው በሚሽከረከረው፣ ሪቮልቨር በሚባለው። ከርከሮ ቆዳው ጋሻ ስለሆነ ትልቅ ጥይት ይፈልጋል። ትልቅ ጥይት ደግሞ ሲወጣ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ አይመታም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የተኳሹንም እጅ ይመታል። ጋሼ ይህን «ርግጫ» ነበር የሚለው። እሱና ጆ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቢራቸውን ይዘው ሲከራከሩ የሰማ የበቅሎ ነጋዴዎች ናቸው ብሎ ይምል ነበር። የትኛው ይራገጣል፣ የትኛው ይገፋል፣ የትኛው ገር ነው፣ የትኛው ጌታውን አያውቅም። በቅሎዋ ብቻ ናት የጎደለችው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

«ተነሺ ጥሩዬ፣ ዛሬ ተኩስ ልምምድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ ደግሞ እዚያ ምን ልሠራ?»

«ሦስት ሽጉጥ ተከራይቼ አወዳድራለሁ። በመስከረም አደን ስንወጣ አንዱን መያዝ አለብኝ። አንቺ ዳኛ ነሽ።»

ይህን ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረልኝ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ጋሼ መሪ ለሰው አይሰጥም፤ ጆ እንኳን አንድ ጊዜ ልንዳ ቢለው «መኪናና ሚስት አይዋሱም» ብሎ ነው የመለሰው፣ ሚስትም ሳይኖረው። እኔ ግን መንጃ ፈቃዴ ገና ትኩስ ስለነበር ደስታው ሌላውን ነገር ሁሉ ጋረደብኝ። ሽሮ የተቀባ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣን።

ኦክላንድ እንደ ልማዷ ጉሟን ተከናንባ ነበር የተውናት። ወደ ደቡብ ስንወርድ ጉሙ ሳሳ፣ ሳን ሆዜ ስንደርስ ጭራሽ ጠፍቶ ፀሐይዋ በመስኮት ገባች። ኮረብታዎቹ በነሐሴ ደርቀው ገለባ መስለዋል፤ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል። መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ድንኳን ተክሎ ፍራፍሬ ሲሸጥ አየንና ኮክ ገዛን። እንደዚያ ያለ ኮክ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም፤ ወይም በልቼ ይሆናል፣ ምላሴ ግን አልተቀበለውም። ጋሼ አንድ ጊዜ ገመጠና ከእጁ አምልጦ ጭኑ ላይ ወደቀ።

«ኮክም ይራገጣል እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የተኩስ ቦታው ከኮረብታ ሥር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከአፈሩ ክምር ፊት የተሰቀሉ ወረቀቶች። የባሩድና የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀላቅሎ ያውዳል። ሦስቱ ሽጉጦች በተርታ ተቀመጡልን። አንደኛው በጥይቱ ልክ ሦስት ሃምሳ ሰባት የሚሉት፣ ቁጥሩ ቢበዛም ከሦስቱ ትንሹ ነው። መካከለኛው አርባ አራት ነው፤ አፈሙዙ ረጅም፣ እጀታው ጎማ የለበሰ። ሦስተኛው አራት ሃምሳ አራት፣ ጥይቱ የጣቴን ያህል ውፍረት ያለው፣ ባለ እንጨት እጀታ ጉድ።

ጋሼ መጀመሪያ እኔን አስተማረኝ። ቀኝ እጄን እጀታው ላይ ከፍ አድርጎ አስጨበጠኝ፣ ግራዬን ደረበበት፣ ክርኔን አላላው። «ዋናው አያያዝ ነው» አለኝ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ሲባል አልሰማሽም? ላላ አድርገሽ ከያዝሽው እሱ ራሱ ይቀማሻል። ሲራገጥ ደግሞ አትታገይው፤ አብረሽው ወደ ላይ ሂጂ፣ አብረሽው ተመለሺ።»

ትንሹ ጩኸቱ ሹል ነው፤ መዳፍን በጥፊ ብሎ ይሸሻል። በአርባ አራቱ ተገረምኩ። ጉልበቱ ከትንሹ እጥፍ ነው፣ ግን ክብደቱ ራሱ ርግጫውን ስለሚውጠው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ «ይቅርታ እህቴ» እያለ የሚገፋ ወፍራም ሰው ነው። ትልቁን አንድ ጊዜ ብቻ ተኮስኩ። እጀታው መዳፌ ውስጥ ተገለበጠ፣ ሁለት እጄን ሰማይ አሳየኝ፣ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አስቀመጥኩትና ፍርዴን ሰጠሁ፤ አርባ አራቱን ውሰድ፣ ይሄኛው እብድ ነው አልኩት።

«እንግዲህ የእኔን እይልኝ» አለ። ከትልቁ ጀመረ።

ተኮሰ። ሽጉጡ ወደ ላይ ተነሣና ሳይመለስ ቀረ፤ አፈሙዙ ግንባሩን ሊነካ ጥቂት ነበር የቀረው። «እንጨቱ ያንሸራትታል» አለና አስቀመጠው። አርባ አራቱን አነሣ። እሱም ተጣመመበት፤ ጥይቱ የት እንደሄደ እንጃ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ላብ ነው ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ትንሹን፣ እኔ ያለ ችግር የያዝኩትን ሽጉጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ተኮሰ። ከእጁ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

እንደ ልማዴ ላሾፍበት አፌን ከፈትኩ። «አያያዙን አይቶ…» አልኩና እጁን አየሁት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል የነበረው ወፍራም ሥጋ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ሥር አንድ ነገር ብቻውን ይርገበገባል። ያ ብሎን የሚፈታ እጅ የሽማግሌ እጅ ሆኗል። አብሬው እየኖርኩ፣ ማዕድ እያቀረብኩለት አላየሁትም። ተረቱን መጨረስ አቃተኝ።

«ጭብጦውን ቀማው» ብሎ ጨረሰልኝ፣ በቀስታ።

የተኩስ ቦታው ጠባቂ መጥቶ ሰላም መሆናችንን ጠየቀ። ጋሼ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሽጉጦቹን መልሰን መኪናው ውስጥ ገባን፣ ሞተሩን ግን አላስነሣሁም።

«ለአደን አልነበረም» አለኝ። «በሐምሌ ሐኪም ቤት ሄጄ ነገሩኝ። ረጅም ስም አለው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ አልይዝልሽም። ጡንቻ ይበላል። ከእጅ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም አሉኝ።»

«ይሳሳታሉ እኮ ጋሼ! ሌላ ቦታ እንሂድ፣ ጠበል…»

«መርፌ እየወጉ፣ ኤሌክትሪክ እየላኩ መርምረው ነገሩኝ፣ አላመንኳቸውም። እኔ የማምነው ይሄን ነው» ብሎ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ጠቆመ። «የትኛውን መያዝ እችላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አንዱን እንኳን ብይዝ ሐኪሙን ውሸታም እለው ነበር።»

አለቀስኩ። ሽሮ የተቀባውን ዳቦ ከላስቲኩ አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ፤ ሲቆርሰው በሁለት እጁ ነበር። በልተን ሳንጨርስ ዋናውን ነገር አመጣው። ለእማዬ አትነግሪያትም አለኝ።

«ምን ልላት ነው ታዲያ? ድምፅህ ሲቀየርስ? መጥታ እጅህን ብታይስ?»

«ሽጉጥ መታው በያት» አለኝ።

እኛ ለሞተ ሰው እንኳን ሽማግሌ ልከን፣ ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩተን ነው የምናረዳው። ለቆመ ሰው ምን ዓይነት መርዶ ይነገራል? እሺ አልኩት። በእንቁጣጣሽ እማዬ ከአገር ቤት ስትደውል እንዳለኝ ነገርኳት፤ ስነግራት ግን ቋንቋችን ጉድ ሠራኝ። ሽጉጥ መታው ስላት ሰው የተኮሰበት መስሏት እሪታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ማዶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይሰማኛል።

«ኧረ እማዬ፣ ማንም አልተኮሰበትም! ራሱ ሲተኩስ ረገጠው።»

«ሽጉጥ ረገጠው?»

«አዎ፣ ወደ ኋላ ይራገጣል።»

«እንደ በቅሎ?» አለችኝ።

«እንደ በቅሎ።»

አመነች። ልጇ ጠንካራ ስለሆነ በወጌሻ እንደሚድን፣ እኛ ፈረንጅ አገር ያለን ሰዎች ማሸት ስለማናውቅ ራሷ መምጣት እንዳለባት ወሰነች።

በጥር መጣች፤ እዚህ ዝናቡ የሚበረታበት ወር ነው። እሱ ያን ጊዜ ሥራ አቁሟል፣ ማንኪያ የምይዝለት እኔ ነኝ። እማዬ ከግሮሰሪ የገዛሁትን ጨው የሌለውን ቅቤ አሽትታ «ይሄ ቅቤ ነው ሻማ?» አለች፤ ቢሆንም አቀለጠችው። በየማለዳው ከሶፋው ሥር ትንበረከክና ቀኝ እጁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከክርኑ እስከ ጣቱ ታሸዋለች። «የት ጋ ነው የረገጠህ የእኔ ጌታ? እዚህ ጋ?» ትለዋለች። «ትንሽ ዝቅ በይ እማዬ» ይላታል። እጁ የሚሰማውን አላውቅም፤ ፊቱ ግን በዚያ ሰዓት ያርፍ ነበር። «እውነቱን ካወቀች ሥራ ትፈታለች ብዬ እኮ ነው» ይለኝ ነበር በኋላ፣ እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ። ያን ሽጉጥ የሠራውን ሰው በየቀኑ ትረግመዋለች። ጋሼ አንዳንዴ አሜን ይል ነበር።

አንድ ማለዳ አሽታ ስትጨርስ ቅቤ የነካ እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ገባች። ውሃ እያፈሰስኩላት ነው።

«ጥሩዬ፣ ሽጉጡ የመታው ቀኙን ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ ግራው ለምን ከሳ?»

ውሃው ከእጄ ላይ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማወቄን እንዳትነግሪው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላም ማለዳ ማለዳ ተንበርክካ የት ጋ ነው የረገጠህ ስትለው፣ እሱም ዝቅ በይ ሲላት፣ እኔ ሁለቱንም እያየሁ ሻይ አቀርብ ነበር። በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ ዐረፈ። ሰው ልቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቃት እማዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣ «ሽጉጥ ነው ልጄን የበላብኝ» አለች። ማንም ቃሏን አላረመም፣ እኔም።

የሳንታ ክላራዋ ሐኪም የብረቱን መርፌ አይታ ጻፈች። የቀኜ እንደ ዕድሜዬ ከሆነ ደህና ነው አለችኝ፤ የደነደነው መገጣጠሚያው ብቻ ስለሆነ በሙቅ ውሃና በመታሸት ይላላል። ይህን ስትለኝ ቅቤው ሸተተኝ። ብረቱን ከእጄ ተቀብላ ወደ ሌላኛው ጎን ዞረች።

«ናው ዘ ሌፍት» አለችኝ።

ግራ እጄን አቀበልኳት። ተቀብላ ስታገላብጠው፣ ሥጋው ሙሉ መሆኑን ለማየት ዐይኔን ማሳረፍ ፈራሁ።