የጸሎት ተራ

ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ነገረ መለኮት ኮሌጁ የተመለስኩት እምነቴ ስለተመለሰ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያስተምረው ሰው ጡረታ ወጣና ዲኑ፣ የድሮ ባልደረባዬ፣ ደወለልኝ።

«አሁንም ከሰው ጋር ትጣላለህ?»

«በጽሑፍ ብቻ።»

ሳቀና ሰኞና ረቡዕ ጠዋትን ሰጠኝ።

እነዚያን ዓመታት ያሳለፍኩት ጋዜጣ ላይ ሰባኪዎችን ስተች ነው። አልክድም፣ ደስ ይል ነበር። መጸለይ ያቆምኩት ግን በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን ቢያንስ ቀኑን አስታውሰው ነበር። ለወዳጅ መደወል እንደሚተው ሰው ነው የተውኩት። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ከዚያ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ።

ከየካ አባዶ ተነስቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን አጣጥፌ፣ ሲኤምሲ አጠገብ እወርዳለሁ። የግቢው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ክፍሉ ግን ያው ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ እዚያው ቆሜ ጸሎት ጀምሬ፣ ማስተማሩን ረስቼ፣ ደወል የተደወለብኝ ቀን ነበር። ስለዚያ ወጣት ብዙ ማሾፍ እችላለሁ። የምውለው ግን ስቀናበት ነው።

ችግሩ ልማዱ ነው። እዚህ ትምህርት በጸሎት ይከፈታል፤ የሚከፍተውም መምህሩ ነው። ስለዚህ ብልሃት አበጀሁ፦ ተማሪዎች በስም ዝርዝሩ መሠረት በየተራ ይጸልዩ አልኩ፣ ለአገልግሎት እንዲለማመዱ። ጥሩ ምክንያት ነበር፤ ጥሩ ምክንያት መፍጠር ደግሞ ሙያዬ ነው። ዝርዝር እንደሚያልቅ ብቻ አላሰብኩም።

አንድ ረቡዕ ማንም አልተነሳም። የክፍሉ ተጠሪ፣ መጋረጃ የምትሸጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት፣ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ዝርዝሩ አልቋል።»

«እንደገና ከላይ ጀምሩ።»

«እርስዎ ቀሩ እኮ! ወይስ የእርስዎ ጸሎት ጋዜጣ ላይ ነው የሚወጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ። የጸሎቱን ቃላት በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ በጽሑፎቼ ስንቴ ቀልጄባቸዋለሁ። ደርድሮ መገላገል ይቻል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

«አልችልም» አልኩ። «ከጸለይኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።»

እውነቱን መናገር ነገሩን የሚዘጋው መስሎኝ ነበር። ከጋዜጠኞች ጋር ብዙ ስለኖርኩ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ የሚያደርጉትን ረስቼው ነበር። ወንበሮች ተንኳኩ። መጥተው ከበቡኝ። እጃቸውን ትከሻዬና ጀርባዬ ላይ ጭነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብለው ይጸልዩልኝ ጀመር። ባለ መጋረጃዋ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የምትከራከር ይመስል «ጌታ ሆይ፣ ዝም አትበለው! እኔ ነኝ የምልህ፣ ዝም አትበለው!» ትላለች።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። ስንት ዓምድ የሞላሁት እንዲህ ባለው ጩኸት ላይ ነበር። እንደ ልማዴ የሚተች ነገር ፈለግሁ፤ ሞልቷል። ሰላም አልወረደብኝም፣ እንባም አልመጣም፤ የተሰማኝ የእጃቸው ክብደት ብቻ ነው። የዕለቱ ትምህርት አልተጀመረም፣ ሰዓቱም እየሄደ ነበር።

እንዳይጨርሱ ፈለግሁ።